ግድብና የባለቤቱ ኀላፊነት

ለዛሬው ንግግሬ መነሻ ያደረግሁት ሲያዩት ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ ውሃን በግድብ አቁሮ የያዘ ባለቤት፥ ከግድቡ በታች ለሚኖረው ሕዝብ ያለበት ግዴታ ምን ያህል ነው? የሚል ነው። ጥያቄውን ለመመለስ ታሪክን ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፥ ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን ልማድ ቆጥሬዋለሁ።

የግድብ ጥቅሙ ለሁሉ የታወቀ ነው። መብራቱ ሲበራ፥ ቧንቧው ሲከፈት፥ በበጋ ወራት እርሻው ሲለመልም ጥቅሙ በዐይን ይታያል። ጠንቁ ግን ተሰውሮ ይኖራል። አባቶቻችን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ወንዝ ስለሚሻገር መንገደኛ ቢሆንም፥ ነገሩ ለግድብም ይሠራል። ፀጥ ብሎ የተኛ ሐይቅ ለብዙ ዓመት ሲያገለግል ሰው ይለምደዋል፤ የለመደውንም ነገር መጠርጠር ያቆማል። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፥ ጥቅሙን የሚያገኘውና አደጋው የሚደርስበት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ከላይ ነው፤ ጎርፉ የሚሄደው ወደ ታች ነው።

ይህን ጉዳይ ከማናቸውም ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ግዛት በጆንስታውን ከተማ የደረሰው ጥፋት ነው።

ከጆንስታውን በላይ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በተራሮች መካከል ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበረ። ቁመቱ 22 ሜትር፥ ርዝመቱ 284 ሜትር ያህል ነው። የግዛቱ መንግሥት ከ1838 እስከ 1853 ባለው ጊዜ ያሠራው፥ ጀልባዎች ለሚመላለሱበት ቦይ በበጋ ውሃ እንዲሰጥ ብሎ ነበር። ነገር ግን ሥራው ባለቀበት ወራት የምድር ባቡር ተስፋፋና ቦዩ ዋጋ አጣ። ስለዚህ ግድቡ በ1857 ለባቡር ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያውም ሐዲዱን እንጂ ውሃውን አልፈለገውምና ግድቡ ያለ ጠባቂ ቀረ። በ1862 ከፊሉ ተደረመሰ፤ በሐይቁ ውስጥ የነበረው ውሃ ጥቂት ስለ ነበረ ግን ብዙ ጉዳት አልደረሰም። ከዚያም አንድ የምክር ቤት አባል በ1875 ገዛው። ይህም ሰው ከግድቡ ሥር የነበሩትን፥ ውሃው ሲበዛ የሚቀነስባቸውን የብረት ቧንቧዎች አውልቆ በብረትነታቸው ሸጣቸው።

በ1879 ግድቡን የሳውዝ ፎርክ የዓሣና የአደን ማኅበር ገዛው። የዚህ ማኅበር አባሎች የፒትስበርግ ከተማ ባለጸጎች ሲሆኑ፥ ከእነርሱም ውስጥ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ይገኙባቸዋል። ማኅበሩ የፈረሰውን ክፍል አስጠገነ፤ ሐይቁንም ሞልቶ በዳርቻው የመዝናኛ ቤቶችን ሠራ። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አደረገ፤ ወይም ሳያደርግ ቀረ። አንደኛ፥ የተሸጡትን ቧንቧዎች አልተካቸውም፤ ስለዚህ ውሃውን ዝቅ አድርጎ ግድቡን ለመጠገን የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ሁለተኛ፥ በግድቡ አናት ላይ ሠረገላ እንዲያልፍ ሲል አናቱን ዝቅ አደረገው። ሦስተኛ፥ በገንዘብ ተገዝተው የገቡት ዓሦች እንዳያመልጡ ትርፍ ውሃ በሚፈስበት መውጫ ላይ የብረት ወንፊት ተከለበት።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም በክፋት የተደረገ አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ግድብ ሦስት ትንንሽ ስሕተቶችን ደምሮ ነው የሚቆጥረው።

አስጠንቃቂም አልጠፋም። በ1880 በጆንስታውን የነበረው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ አስተዳዳሪ ዳንኤል ሞሬል፥ ከፋብሪካው በላይ የተከማቸው ውሃ አሳስቦት፥ ጆን ፉልተን የተባለውን መሐንዲስ ላከና ግድቡን አስመረመረ። መሐንዲሱም የውሃ ማስወጫ ቧንቧ አለመኖሩንና ጥገናው የረባ አለመሆኑን ጽፎ አስታወቀ። ሞሬል የጥገናውን ወጪ በከፊል ለመሸከም እንኳ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ግን ሕዝቡ ከግድቡ የተነሣ አንዳችም አደጋ እንደማይደርስበት ጽፎ መለሰ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ መልሱ ተሰጠ፤ ወረቀቱ በመዝገብ ውስጥ ገባ። ሞሬል በ1885 ሞተ። ከእርሱም ወዲህ ነገሩን አጥብቆ የሚከታተል አልተገኘም።

በ1889 በግንቦት ወር መጨረሻ በዚያ አገር ከባድ ዝናም ዘነመ። በ31ኛው ቀን ጧት የማኅበሩ አዲስ ፕሬዚዳንት ኤልያስ ኡንገር ከቤቱ ወጥቶ ቢመለከት፥ ሐይቁ እየጨመረ ወደ ግድቡ አናት ተቃርቧል። ወዲያው ሠራተኞችን ሰብስቦ፥ ገሚሶቹ በአናቱ ላይ አፈር እንዲጨምሩ፥ ገሚሶቹ በዳር በኩል ሌላ መውረጃ እንዲቆፍሩ አደረገ። የዓሣው ወንፊት ጎርፉ ባመጣው ግንድና ቅጠል ተደፍኖ ስለ ነበረ እርሱንም ለመንቀል ሞከሩ፤ ሆኖም ጊዜው አልፎ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ጆን ፓርክ በፈረስ ጋልቦ ወደ ሳውዝ ፎርክ መንደር ወረደና በቴሌግራም ማስጠንቀቂያ እንዲላክ አሳሰበ።

እዚህ ላይ አድማጮቼን ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው ነገር አለ። መልእክቱ ተልኳል፤ ነገር ግን አልተሰማም። ሽቦው በየቦታው ተበጥሶ ነበር፤ የደረሰውም ቃል ለማን መነገር እንዳለበት አስቀድሞ የተወሰነ ነገር አልነበረም። ከዚህም በላይ፥ ግድቡ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ ዝናም በበዛ ቁጥር ለብዙ ዓመት ሲነገር የኖረ ስለ ነበር፥ ተኩላ መጣ እያለ ይቀልድ እንደ ነበረው እረኛ፥ በእውነተኛው ቀን የሚያምነው ጠፋ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ግድቡ ፈረሰ። 20 ሚሊዮን ቶን ያህል ውሃ በሸለቆው ውስጥ ወረደ። ቤቱን፥ ድልድዩን፥ ባቡሩን፥ ዛፉን እየጠራረገ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ጆንስታውን ደረሰ። የድንጋዩ የባቡር ድልድይ ፍርስራሹን አግዶ ሲያቆመው፥ ክምሩ በእሳት ተያያዘ፤ ከውሃው የተረፉት ብዙዎች በእሳቱ አለቁ። የሞቱት 2,209 ሰዎች ናቸው። 99 ቤተ ሰቦች አንድ እንኳ ሳይተርፍላቸው ጠፉ። ከ750 የሚበልጡ ሬሳዎች ማንነታቸው ሳይታወቅ በአንድ ስፍራ ተቀበሩ።

ግድቡ ከፈረሰበት እስከ ከተማው ጥፋት ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነበረ። ከዚያም በፊት ውሃው ሲጨምር የታየበት ግማሽ ቀን ነበረ። ከተማይቱ በተራሮች የተከበበች ናት፤ ወደ ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እንግዲህ ለእነዚያ ሰዎች የጎደላቸው ጊዜ አልነበረም፤ የታመነ ቃልና ቃሉን የሚያደርስ ሥርዓት ነበር።

ከጥፋቱ በኋላ የማኅበሩ አባሎች ተከሰሱ። ነገር ግን ፍርድ ቤት አንዱንም ኀላፊ አላደረገም። የደረሰው ነገር ከሰው አቅም በላይ የሆነ የተፈጥሮ ቁጣ ነው ተባለ። ካርኔጊ ከጎርፉ በኋላ ለከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት አሠርቶ ሰጠ። መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም ቧንቧዎቹን መተካት ከዚያ ይረክስ ነበር።

በሕግ ረገድ ግን ነገሩ በዚሁ አልቀረም። ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር፥ በ1860፥ ጆን ራይላንድስ የተባለው የፋብሪካ ባለቤት ያሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ፥ በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ሾልኮ የጎረቤቱን የቶማስ ፍሌቸርን የድንጋይ ከሰል ማዕድን አጥለቅልቆት ነበር። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1868 በሰጠው ፍርድ፥ ቢያመልጥ ሰውን የሚጎዳ ነገር በመሬቱ ላይ ያከማቸ ሰው፥ ቸልተኛ መሆኑ ባይረጋገጥበትም እንኳ፥ ስላመለጠው ነገር ኀላፊ ነው የሚል ሐሳብ ጸና። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ሐሳብ ለመቀበል ሲያመነቱ ቆይተው ነበር። ከጆንስታውን ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን የብዙ ግዛቶች ዳኞች ወደዚሁ አዘነበሉ። ያከማቸ ይጠየቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ በካሊፎርንያ የነበረው የሴንት ፍራንሲስ ግድብ ነው። ይህ ግድብ እንደ ሳውዝ ፎርክ ባለቤት ያጣ አልነበረም። የሎስ አንጀለስ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት በ1926 ሠርቶ የጨረሰው የኮንክሪት ግድብ ሲሆን፥ ዋናው መሐንዲስም ዊልያም ሙልሆላንድ የተባለ፥ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ለከተማይቱ ውሃ በማምጣቱ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር።

በ1928 ማርች 12 ቀን ጧት የግድቡ ጠባቂ አዲስ ስርገት አየና አለቆቹን ጠራ። ሙልሆላንድ ራሱ መጥቶ ተመለከተ፤ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 3 ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ፈረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሟቾች ከግድቡ ሥር ይኖሩ የነበሩት ጠባቂውና ቤተ ሰቡ ናቸው። ሸለቆው ተኝቶ ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኋላ እንደተጠናውም፥ በአንድ በኩል ግድቡ የተደገፈበት ተራራ በጥንት ዘመን ተንሸራትቶ የቆመ መሬት ኖሯል፤ በዚያን ጊዜ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ሙልሆላንድ በምርመራው ጊዜ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አላላከከም፤ በራሱ ላይ አደረገው። ይህም ሊመሰገንበት ይገባል። ነገር ግን ለእኛ የሚበልጠው ትምህርት መርማሪዎቹ የደረሱበት ውሳኔ ነው። ይኸውም፥ የታላቅ ግድብ ሥራና አጠባበቅ፥ ሰውዬው የቱንም ያህል ዐዋቂ ቢሆን፥ በአንድ ሰው ፍርድ ብቻ መተው አይገባውም የሚል ነው። የካሊፎርንያ ግዛትም በ1929 ሕግ አውጥታ፥ በግዛቱ ውስጥ ያሉትን ግድቦች፥ ከማዕከላዊው መንግሥት ግድቦች በቀር፥ በግዛቱ መሐንዲስ ቁጥጥር ሥር አዋለች። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚለው ምሳሌ፥ በመሐንዲስ አፍ ሲነገር፥ ከባለቤቱ ሌላ የሚጠረጥር ዐይን ይኑር ማለት ነው።

በዚያች ሌሊት ሌላም ታሪክ ተሠርቷል። ሳንታ ፖላ የምትባለው ከተማ ከግድቡ ብዙ ርቀት ወደ ታች ትገኛለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ወሬው በስልክ ደረሰ። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞቹ ሴቶች፥ የሚሠሩበት ቤት ራሱ በውሃው መንገድ አጠገብ መሆኑን እያወቁ፥ ከወንበራቸው ሳይነሡ ቤት ለቤት መደወል ጀመሩ። ሁለት ፖሊሶች በሞተር ብስክሌት እየዞሩ በየደጃፉ አንኳኩ፤ የነቃው ሰው ጎረቤቶቹን እንዲቀሰቅስ አዘዙ። ውሃው ከተማይቱ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስንቱ ሰው እንደዳነ ማሰብ ነው። ደመወዛቸው ትንሽ፥ ስማቸው ያልታወቀ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዚያች ሌሊት ከታላቁ መሐንዲስ የበለጠ ሥራ ሠሩ።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ሁለቱን በአጭሩ ልጥቀሳቸው፤ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ያስተምራሉና ነው። በፈረንሳይ አገር ከፍሬዡስ ከተማ በላይ የነበረው የማልፓሴ ግድብ 66 ሜትር ከፍታ ያለው፥ በቀስት ቅርጽ የተሠራ ስስ የኮንክሪት ግድብ ነበር። በ1959 ዲሴምበር 2 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ፥ በግራ በኩል የተደገፈበት ቋጥኝ ስለ ከዳው ፈረሰ፤ 423 ሰዎችም አለቁ። ኮንክሪቱ ጉድለት አልነበረበትም። ግድብ የሚበረታው ከሥሩና ከጎኑ ባለው ቋጥኝ ልክ ብቻ መሆኑን ዓለም በዚህ ተማረ። ፈረንሳይም በ1968 ባወጣችው ድንጋጌ፥ ትልልቅ ግድቦች የማስጠንቀቂያ ዕቅድ እንዲኖራቸው አዘዘች።

በኢጣልያ አገር የቫዮንት ግድብ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ከ260 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ግድብ እስከ ዛሬ ድረስ ቆሟል። በ1963 ኦክቶበር 9 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ግን ቶክ የተባለው ተራራ ጎን ተንሸራቶ ወደ ሐይቁ ወደቀ። የወደቀው ድንጋይና አፈር ከ250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነበር። የተነሣው ማዕበል ግድቡን ተሻግሮ በታች ያለችውን የሎንጋሮኔን ከተማ አጠፋት፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችም ሞቱ። ተራራው እንደሚንቀሳቀስ ለሦስት ዓመት ያህል ሲለካ ኖሯል። ቲና መርሊን የተባለችው ጋዜጠኛ የመንደሩን ሰዎች ፍርሃት ጽፋ ብታወጣ፥ የሐሰት ወሬ በመንዛት ተከሳ ነበር፤ ፍርድ ቤትም በነጻ ለቀቃት። በመጨረሻው ቀን በተራራው ላይ የነበሩት እንዲወጡ ተነገራቸው፤ ከግድቡ በታች ያሉት ግን ከቤታቸው ነበሩ። ከዚህ የምንማረው፥ ግድቡ ሳይፈርስም ሰው ሊያልቅ እንደሚችል፥ የጥንቃቄውም ዕቅድ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ሐይቁንና ተራራውን ሁሉ መጨመር እንዳለበት ነው።

አሁን ደግሞ የሴንት ፍራንሲስን ሌሊት ከአንድ ቀን ጋር እናስተያይ። በአይዳሆ ግዛት መንግሥት ያሠራው የቴተን ግድብ 93 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሲሆን፥ በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ነበር። ጁን 5 ቀን በማለዳ ስርገት ታየ። ረፋዱ ላይ ቀዳዳውን ለመድፈን የተላኩትን ሁለት ቡልዶዘሮች ራሱ ቀዳዳው ዋጣቸው። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ የየአውራጃው ፖሊስ ሹማምንት ሕዝቡን እንዲያስወጡ ተነገራቸው፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ወሬውን አሰሙ። ግድቡ የፈረሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን 3 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። የሁለቱ ግድቦች የጥፋት ደቂቃ በሰዓቱ ገጽ ላይ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሌሊት፥ አንዱ ቀን ከመሆኑ በቀር። የቴተን ውሃ ከሴንት ፍራንሲስ ውሃ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ ብዙ ሺህ ቤትም አጥቅቷል፤ የሞቱት ሰዎች ግን 11 ናቸው።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? አንዱ ምክንያት ብርሃኑ ነው፤ ሰው ሁሉ ነቅቶ ነበር። ሌላው ምክንያት ግን ግድቡ ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቃሉ መነገሩ ነው። ቀኑን ማዘዝ አይቻለንም፤ ቃሉን ማዘዝ ግን እንችላለን። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት በ1979 ስለ ግድቦች ደኅንነት መመሪያ አወጣ፤ የግድብ ባለቤት ሁሉ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አስቀድሞ ጽፎ እንዲያዘጋጅ የሚለው አሠራርም እየተስፋፋ ሄደ።

ቃሉ በጠፋበት የሚሆነውን ደግሞ በ1975 በቻይና አገር በሄናን ክፍለ ሀገር የደረሰው አሳይቷል። የባንቺያዎ ግድብና ሌሎች ብዙ ግድቦች በአንድ ማዕበል ምክንያት በኦገስት 8 ሌሊት ሲፈርሱ፥ የመገናኛው መስመር በዝናሙ ተቆርጦ ስለ ነበረ ማስጠንቀቂያው ለሕዝቡ ሳይደርስ ቀረ። ያለቀው ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንደሚመስለው የመሐንዲሶች ምሥጢር አይደለም። በአምስት ቃል ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ማወቅ ነው። ግድቡን በየዕለቱ የሚያይ፥ ስርገቱን የሚለካ፥ ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ ሲደፈርስ የሚያስተውል ሰው መኖር አለበት። የደፈረሰ ስርገት አፈሩ ከውስጥ እየተበላ መሆኑን ሊነግር ይችላልና ነው።

ሁለተኛው መመዘን ነው። የታየው ነገር ተራ ጉድለት ነው፥ ወይስ ሊከፋ የሚችል፥ ወይስ ግድቡ አሁኑኑ የሚፈርስበት? ለየደረጃው ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጻፋል። በጭንቅ ሰዓት የሚመክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መጠበቅን ነው፤ መጠበቅም ይገድላል።

ሦስተኛው ማስታወቅ ነው። ማን ለማን ይደውላል? እርሱ ባይገኝ ለማን? በሌሊት፥ በበዓል ቀን፥ ስልኩ ቢበላሽ በምን? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ በግድቡ ጠባቂ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

አራተኛው ማስወጣት ነው። ግድቡ ቢፈርስ ውሃው የት የት እንደሚደርስ፥ በስንት ደቂቃም እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል። ሕዝቡን የማስወጣት ሥልጣን የአገሩ አስተዳደር ነው፤ ካርታውን አዘጋጅቶ የመስጠት ግዴታ ግን የግድቡ ባለቤት ነው።

አምስተኛው መለማመድ ነው። ያልተለማመዱት ዕቅድ ያልተጻፈ ያህል ነው። የስልክ ቁጥር ይለወጣል፤ ሹም ይዛወራል፤ አዲስ ሰፈር ይቆረቆራል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ላመልክት። በአሜሪካ አገር ግድቦች ከፍተኛ፥ መካከለኛና ዝቅተኛ አደጋ ያለባቸው ተብለው ሲመደቡ፥ ምደባው የግድቡን መድከም ወይም መጠንከር አያመለክትም። የሚያመለክተው ቢፈርስ በታች የሚጠፋውን ነው። ስለዚህ እጅግ ጠንካራ የሆነ ግድብ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ሊባል ይችላል። ደግሞም ሲሠራ በታች ማንም ያልነበረበት ግድብ፥ ከ30 ዓመት በኋላ ከተማ ሲያድግበት፥ ድንጋዩ ሳይነቃነቅ ምድቡ ይለወጣል። ግድቡ ባይለወጥም የባለቤቱ ኀላፊነት ይጨምራል።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ ነው የሚል ቢኖር፥ በ2023 በሴፕቴምበር ወር በሊቢያ በደርና ከተማ የደረሰውን ያስታውስ። ከከተማይቱ በላይ በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች በአንዲት የማዕበል ሌሊት ፈርሰው ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ። ጥገና እንደሚያሻቸው የታወቀ ነበር፤ አንድ ሊቅም ከዓመት በፊት በጥናት ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። በዚያች ሌሊት ሕዝቡ ከወዲህ ውጡ፥ ከወዲያ ከቤታችሁ አትውጡ የሚል የተለያየ ትእዛዝ እንደ ሰማ ተነግሯል። በ2024 የሊቢያ ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣኖችን በእስራት ቀጣ። በጆንስታውን ማንም አልተጠየቀም ነበር፤ በደርና ተጠየቁ። ይሁን እንጂ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ፍርዱ የሞቱትን አልመለሰም።

በተቃራኒው በ2017 በካሊፎርንያ የኦሮቪል ግድብ ማፍሰሻ ተቦርቡሮ ባሰጋ ጊዜ፥ ወደ 188,000 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ምሽት ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ ሰዎቹም ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ያጉረመረሙም ነበሩ። ነገር ግን ያላስፈለገ ጉዞ ዋጋው የሁለት ቀን እንግልት ነው። ያልተሰጠ ማስጠንቀቂያ ዋጋው ምን እንደሆነ ግን ከላይ ቆጥረናል። ደግሞም ማስጠንቀቂያ የሚናቀው ምክንያቱ ሳይነገር፥ ውጤቱም ሳይገለጽ ሲቀር ነው። ባለቤቱ የፈራውን በግልጽ ከተናገረ፥ ነገሩ ባለፈ ጊዜም ስለምን እንዳለፈ ካስረዳ፥ ሕዝቡ በሚቀጥለው ጊዜ ያምነዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

አገራችንም የግድብ ባለቤት ናት። በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ግድቦች ተሠርተዋል፤ ከአፍሪካ ግድቦች ሁሉ በኤሌክትሪክ ኃይሉ የሚበልጠው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በ2025 ተመርቋል። ግድብ መሥራት የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን ምረቃው የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ የጥበቃው መጀመሪያ ነው። በ2006 በኦገስት ወር በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ፥ ግድብ አልነበረበትም፤ ሆኖም የተኛ ሕዝብ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሃ ሲመጣበት የሚሆነውን ከማንም ሳንማር በራሳችን አይተነዋል።

ይህን ንግግር ከሚሰሙትና ከሚያነቡት መካከል ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ጥቂት እንደሚሆን ዐውቃለሁ። አብዛኞቻችን በመሥሪያ ቤት ወንበር የምንቀመጥ፥ ደብዳቤ የምንቀበልና የምንመልስ ሰዎች ነን። ነገር ግን ቀደም ብዬ የተረክሁትን መለስ ብለን ብናየው፥ የጆንስታውን ዕጣ ከዝናሙ በፊት የተወሰነው በአንድ ደብዳቤ መልስ ነበር፤ የሳንታ ፖላ ሰዎች ሕይወትም የዳነው በስልክ ማዞሪያ ወንበር ላይ ነበር። አንድ መሐንዲስ ያቀረበው የሥጋት ወረቀት በጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፥ ታይቷል ብሎ ወደ መዝገብ ቤት መምራት ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ ግን ምን ተደረገ? መቼ ይፈጸማል? በታች ያሉትስ ያውቃሉ ወይ? ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ግድቡ ያለበት ባለቤትም፥ መንግሥት ቢሆን፥ ኩባንያ ቢሆን፥ አንድ ገበሬ ለከብቶቹ ያቆረው ትንሽ ኩሬ ቢሆን፥ ማታ ከመተኛቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ዛሬ ሌሊት ቢፈርስ፥ በታች የተኙትን ማን ይቀሰቅሳቸዋል? መልሱን በስም መጥራት የቻለ ባለቤት ግዴታውን ጀምሯል። ያልቻለ ግን፥ ዝናሙ ሳይመጣ፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ነገ ጧት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጥ።